ፍላሽ ላይ ሴቭ ስንል

ከፍላሽ የከፈትነውን ፋይል አርመን ጨርሰን ሴቭ ስንለው ገጹ ይነጣል። የማውዙ ቀስት ሰማያዊ ክብ ሆኖ ይሽከረከራል። ከላይ ከፋይሉ ስም አጠገብ «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚል ይመጣል። ከዚያ በኋላ ምን እንደምንሆን የደረሰበት ያውቀዋል። እጃችንን ከማውዙ ላይ እናነሳለን፤ ደግመን ብንጫን የሚብስበት ይመስለናል። ፍላሹ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት አፍጥጠን እናያለን። ብልጭ ስትል ተስፋ እናደርጋለን፤ ስትጠፋ ወሽመጣችን ቁርጥ ይላል።

ፍላሽ የያዝነው አማርጠን አይደለም። ቤት ኢንተርኔት የለም፤ ካለም ዳታው ያልቃል፤ ዳታው ሲኖር መብራት ይሄዳል። ደብዳቤው ከጸሐፊዋ ወደ ኃላፊው፣ ፔይሮሉ ከሂሳብ ክፍል ወደ ባንክ፣ ፈተናው ከመምህሩ ወደ ማባዣ ክፍል የሚሄደው በፍላሽ ነው። ከቤት ቁልፍ ጋር ታስራ ኪሳችን ውስጥ የምትዞረው ዕቃ የወር ሥራችንን ይዛለች።

በግንቦትና በሰኔ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ያለ ኮፒ ቤት የገባ ሰው ጉዳችንን ያያል። ተመራቂዋ ተሰልፋ ተሰልፋ ተራዋ ደርሷል። የኮፒ ቤቷ ጸሐፊ ማውጫውን አስተካከለችላት፣ የገጹን ቁጥር ከምዕራፍ አንድ አስጀመረችላት፣ ሴቭ አለችው፤ ስታክ አደረገ።

«እህቴ፣ ፍላሽሽ ነው ችግሩ።»

«ቤት እኮ ይሠራ ነበር!»

«እንግዲያው ቫይረስ ይኖርበታል።»

ከሰልፉ ኋላ ያሉት አባት ጨነቃቸውና፣ «ልጄ፣ እስቲ ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪው» ይላሉ።

ሁሉም የሚናገረው ለመርዳት ነው። ይሁንና ነቅሎ መሰካት ከሁሉ የከፋው ነው። ዎርድ ሴቭ ሲል አሮጌው ፋይል ላይ አይጽፍም። ፋይሉ ባለበት እዚያው ፎልደር ውስጥ ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራል፤ ጽሑፉን በሙሉ እዚያ ላይ እንደ አዲስ ይጽፋል፤ ከዚያ አሮጌውን አንስቶ የአሮጌውን ስም ለአዲሱ ይሰጣል። ፋይሉን ከፍላሽ ከከፈትነው ይህ ሁሉ የሚሆነው ፍላሹ ላይ ነው። በስማቸው መጀመሪያ «~$» ያለባቸውን ከየት መጡ እያልን የምናጠፋቸው ድብቅ ፋይሎችም ፋይሉን ስንከፍት ዎርድ እዚያው የሚፈጥራቸው ናቸው። ርካሽ ፍላሽ ደግሞ አንድ ትልቅ ፊልም በአንዴ ሲገለበጥበት ደህና ይሠራል፤ ትንንሽ ነገር እዚህም እዚያም ጻፍ፣ ሰርዝ፣ ስም ቀይር ሲሉት ይንቀራፈፋል። ሥዕላዊ መግለጫና ፎቶ የታጨቀበት የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሆንማ አይነሳ። በዚህ መሃል ፍላሹ ከተነቀለ አሮጌው ተነስቶ አዲሱ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ይህን የነገረን የለም።

ጥፋቱ የፍላሹ የማይሆንበት ጊዜም አለ። ዎርድ ገጹን ሲደረድር ፕሪንተር ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ ላይ ዲፎልት ተብሎ የተመረጠው ፕሪንተር ሌላ ክፍል ያለ የኔትወርክ ፕሪንተር ከሆነና ማታ ተጠፍቶ ከታደረ፣ ፕሮግራሙ የማይመጣ መልስ ሲጠብቅ ሊገተር ይችላል። እኛ ፍላሹን እንረግማለን፣ ጣጣው ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንቲቫይረሱም አለ፤ እያንዳንዱን ጊዜያዊ ፋይል ካልፈተሽኩ አላሳልፍም ብሎ መሃል ይቆማል። ይህንንም የነገረን የለም።

ደግሞ «ሁለት ቴራ» የሚል ተጽፎበት በማይታመን ዋጋ የሚሸጠው ፍላሽ አለ። ውስጡ ያለው ቦታ ጥቂት ጊጋ ነው። ቺፑ ዋሽቶ እንዲናገር ተደርጎ ስለተሠራ ኮምፒውተሩም ሁለት ቴራ ነው ብሎ ያምነዋል። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ደህና ይሠራል፤ ከሞላ በኋላ የምንሰጠውን ይቀበላል፣ ስሙን ያሳየናል፣ ስንከፍተው ግን ባዶ ወይም የተበላሸ ነው። ለልጁ ትምህርት ብሎ ይህን የገዛ ወላጅ ስንት ነው!

ቫይረሱን በተመለከተ የምንቃጠልበት ሌላ ነገር አለ። ፎልደሮቻችን በሙሉ ሾርትከት ሆነው ሲጠብቁን አብዛኛው ሰው የሚሰጠን ምክር አንድ ነው፤ «ፎርማት አድርገው» ይላል። ለምን ሲባል? ፋይሎቹ እኮ አሉ! ያ ቫይረስ ፎልደሮቹን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል እንጂ አያጠፋቸውም። አትሪብ በሚባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ ድብቁን መግለጥ የሚችል ሰው በደቂቃ ያወጣቸዋል። ፎርማት ተደርጎ የሄደው የሰው ልፋት ያንገበግባል።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነን ግን ይህ ነው። ዎርድ ላይ ከላይ በኩል በግራ ያለችው ኦቶሴቭ የምትባል ቁልፍ የምትሠራው ፋይሉ ዋንድራይቭ ወይም ሼርፖይንት ላይ ላለ ሰው ነው። ፍላሽ ላይ ለሚሠራ ሰው የተተወው፣ ካልተቀየረ በየ10 ደቂቃው ለክፉ ቀን ቅጂ የሚያስቀምጠው ኦቶሪከቨር ነው። ቅጂውን የሚያስቀምጠው የት ነው? ፍላሹ ላይ አይደለም፤ የተቀመጥንበት ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ ኮፒ ቤት ውስጥ ፕሮግራሙ ቆሞብን፣ አዝነን፣ ፍላሻችንን ነቅለን ወደ ቤት ስንሄድ የተረፈው ጽሑፍ እዚያው የሰው ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል። ቤት ደርሰን የምንከፍተው የትናንቱን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደንበኛ ዎርድ ሲከፍት የእኛን ጥናት፣ የእኛን ማመልከቻ፣ የመሥሪያ ቤቱን የደመወዝ ደብዳቤ በጎን በኩል ተደርድሮ ሊያገኘው ይችላል። ለባለቤቱ ጠፍቶ ለመንገደኛ የሚታይ ፋይል ከዚህ ሌላ የት አለ?

መፍትሔው አጭር ነው፤ ማይክሮሶፍት ራሱም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ፋይሉን ከፍላሽ ወደ ዴስክቶፕ ገልብጦ እዚያ መክፈት፣ እዚያ ማረም፣ እዚያ ሴቭ ብሎ መዝጋት፣ ከዚያ ወደ ፍላሹ መልሶ መገልበጥ። የሰው ኮምፒውተር ከሆነ የተገለበጠውን አጥፍቶ መነሳት። ይኸው ነው። ይህን ከብዙ ልቅሶ በኋላ ካልሆነ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ፋይሉን ፍላሹ ላይ ሁለቴ ስንጫነው ፕሮግራሙ ምንም ሳይል ይከፍትልናል።

ፋይሉ የተከፈተው ከተነቃይ ዲስክ መሆኑን ዊንዶውስ ያውቃል። ያወቀውን ይንገረን። እየጻፈ ከሆነ «እየጻፍኩ ነው፣ አትንቀሉ» ይበለን። ፍላሹ ከጠፋበት «ጠፋብኝ» ይበለን። የቆመው ፕሪንተር እየጠበቀ ከሆነ «ፕሪንተር እየጠበቅኩ ነው» ይበለን፤ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተን እንከፍትለታለን። ዊንዶውስን በአማርኛ ያዘጋጁ ሰዎች ይህችን መስመር መጻፍ አያቅታቸውም። እስከዚያ ድረስ ኮፒ ቤቶቻችን «ፋይል ከፍላሽ ላይ አንከፍትም፣ ዴስክቶፕ ላይ ገልብጠን ነው» የሚል ወረቀት በትልቁ አትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉልን፤ «ዱቤ የለም» ከሚለው ጎን።