ገበታና ገበቴ

የእንጨት ሥራ የጀመርኩት ሰርቪስ ቤቱ ባዶ ስለነበረ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። መጋዝ፣ መላጊያና አራት ረጃጅም ሞርሳ ገዛሁ። ባለቤቴ "እንግዲህ አናጺ ሆነሃላ!" አለችኝ፤ እንደ ምርቃት ወሰድኩት። በዚያው ሞቅታ አዲስ የምግብ ጠረጴዛ እንደምሠራ፣ አሮጌውንም ለአማቴ እንደምሰጥ ቡና ላይ አወጅኩ። አማቴ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ።

ሥራው አምስት የዋንዛ ጣውላ ጎን ለጎን አጣብቆ አንድ ሰፊ ገበታ ማውጣት ነው። የሰፈራችንን አንጋፋ አናጺ አማከርኳቸው።

"ስንት ሞርሳ አለህ?"

"አራት፣ ጋሼ።"

"ስንት ያስፈልግሃል?"

"አምስት ይመስለኛል።"

ሳቁብኝ። "አሥር ቢኖርህ አሥራ አንድ ነው የሚያስፈልግህ። ለማንኛውም መጀመሪያ ያለ ኮላ፣ በደረቁ ገጥመህ እሰረው።"

በደረቁ ማሰር የፈሪ ሥራ መሰለኝ።

ቤታችን ውስጥ ደልዳላ ነገር ቢፈለግ አሮጌው ጠረጴዛ ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ጣውላዎቹን እሱ ላይ ደርድሬ ኮላውን ከፈትኩ። ነጭ ኮላ ትዕግሥት ያለው ጠርሙስ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። እንጨት ላይ ካረፈ አምስት፣ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ቢሰጥህ ነው፤ ከዚያ ላይ ላዩን ይደርቅና ጣውላ ቢገናኝም አይያያዝም። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች የፈጀሁት የሞርሳዎቹን አፍ በመክፈት ነበር። በደረቁ ሞክሬ ቢሆን ኖሮ ተከፍተው ይጠብቁኝ ነበር።

አራቱንም ከላይ አሰርኩ። ጠበቅ ሳደርገው ኮላው በየመጋጠሚያው እንደ ጨሌ ተደርድሮ ወጣ። ደስ አለኝና ጨመርኩበት። ሞርሳ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ኮላውን ጨምቆ እንደሚያስወጣና መጋጠሚያውን እንደሚያስርብ በኋላ ነው የተማርኩት። ቀና ስል የጣውላው ዳርና ዳር ተነስቷል። ገበታ ልሠራ ተነስቼ ገበቴ ሠርቻለሁ።

በአንዱ ዳር ሃያ ሊትር ውኃ የሞላ ጄሪካን፣ በሌላው ዳር ሙቀጫ ጫንኩበት። አልበቃ አለ። ልጆቼን ጠራሁና ግራና ቀኝ አስቀመጥኳቸው። ጥቂት እንደቆየን ትንሿ "አባዬ፣ ሽንቴ መጣ" አለች።

"ኮላው እስኪይዝ ቻይው፣ የኔ ቆንጆ።"

ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ አለችና "ልጄን ሞርሳ አደረግካት?" አለች። ከሁለቱ ሞርሳዎቼ አንዷ በዚሁ ተሰናበተች።

ጠዋት ተነስቼ ሞርሳዎቹን ፈታሁ። ገበታውን ላነሳ ስሞክር አሮጌው ጠረጴዛ አብሮ ተነሳ።

ጋሼ መጡ። ዙሪያውን ዞሩት፣ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩት። "ማጣበቁንስ አጣብቀሃል" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ሞርሳ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች እየተፈራረቀ ይታሰራል፤ ያኔ አንዱ ሊያጎብጠው ሲል ሌላው ይመልሰዋል። ከሥር ደግሞ ፌስታል ይነጠፋል፤ ወረቀት ከሆነ ራሱ ይጣበቃል፣ ፌስታል ግን ከኮላ ጋር አይስማማም።

"አሁን አይላቀቅም?"

"በደንብ የያዘ ኮላ ከእንጨቱ ይጠነክራል። ላላቅቅ ካልክ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ነው።"

ስለዚህ ትተነዋል። ጠረጴዛችን የጣውላውን ውፍረት ያህል አራት ሳንቲም አድጓል፤ ልጆቹ ትራስ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ገበቴነቱም ጨርሶ አልለቀቀውም፤ ወጥ ሲደፋ ወለል አይነካም፣ መሀል ላይ ይጠራቀማል። ባለቤቴ የምታመሰግነኝ ለዚህ ብቻ ነው።

አማቴ አሮጌውን ጠረጴዛ እስካሁን እየጠበቁ ነው።