እጅ ስለ ሰንጢ ተፈጠረ

ሰንጢ ሠሪው፣ ሰንጢ ሻጩና ሰንጢ ገዢው ሦስቱም በአንድ ቃል ተስማምተው ሰንጢ ለቀኝ እጅ ብቻ መሠራት እንዳለበት ካጸደቁ በኋላ፣ ከዐሥር ሰዎች አንዱ ያህል ግራኝ ሆኖ ቢወለድ፣ ጥፋቱ የሰንጢው ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ከሊቃውንት ጉባኤ የራቀ፣ የሥርዐትንም ጥቅም ያልተረዳ መሆን አለበት። ብረት ከምድጃ ወጥቶ አንድ ጊዜ ከቀዘቀዘ እንደ ልብ አይታጠፍም፤ የሕፃን እጅ ግን ለስላሳ ነው፣ በእናቱ መቀነት ጫፍ እንኳ ይታሰራል። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ መታረም ካለበት የሚቀለውን ማረም የብልኅ ሰው ሥራ ነውና፣ ከደሴ በስተ ምዕራብ በአቀስታ በኩል እስከ መካነ ሰላም፣ ከዚያም አልፎ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ድረስ ያሉ ወላጆችና መምህራን ከጥንት ጀምሮ የመረጡት ይህንኑ ነው፤ እኔም ይህን ጥበባቸውን ላመሰግን ብዕሬን አነሣሁ፤ ያነሣሁትም በቀኝ እጄ ነውና አንባቢ አይሥጋ።

እስኪ ሰንጢውን ወደ ዐይናችን አቅርበን እንመርምረው። በአንድ እጅ የሚከፈተው የዛሬው ሰንጢ ከስለቱ ሥር፣ ወደ ጀርባው ጠጋ ብሎ፣ ትንሽ የብረት እንብርት አለው፤ ቀኝ የሚቀናው ሰው አውራ ጣቱን በዚያ ላይ አሳርፎ ገፋ ሲያደርገው ስለቱ እንደ ታዘዘ ዲያቆን ብድግ ብሎ ይቆማል። ሊያጥፈው ሲሻም በእጀታው ውስጥ ያለውን ስስ የብረት ሞላ በዚያው አውራ ጣት ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ስለቱም ወደ ማደሪያው ይመለሳል። ይህንኑ ሰንጢ ግራኝ ሲይዘው ግን፣ እንብርቱ በአንድ ጎን ብቻ የተተከለ እንደ ሆነ፣ ከአውራ ጣቱ ሸሽቶ ከሌሎቹ ጣቶች ወገን ይውላል፤ ሞላውም የማይገፋ፣ በሌባ ጣት ተፈልጎ የሚሳብ ይሆንበታል፤ ያም ጣት በሥራው ላይ ሳለ ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ ተጋድሞ ይገኛል። በጥፍር የሚከፈተው የቀድሞው ሰንጢም ቢሆን የተሻለ አዛኝ አይደለም፤ የጥፍር መክተቻው ጭረት ብዙውን ጊዜ የሚቀረጸው በስለቱ አንድ ገጽ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ግራኙ ሸንኮራ ሊልጥ ወይም መፋቂያ ሊቀርፍ ተቀምጦ ጣቱን የቆረጠ እንደ ሆነ፣ ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ድሮስ ግራኝ!» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ምስክር የማያሻው፣ ይግባኝም የሌለው ነው፤ ተከሳሹ ራሱ ደሙን እየመጠጠ ያምናልና።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1884 ካርል ኤልዘነር የተባለው የስዊስ ቢላዋ ሠሪ የከፈተው መሥሪያ ቤት፣ በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ አቅርቦ፣ በ1897 ደግሞ ዓለም ሁሉ ያወቀውን የመኰንኖች ሰንጢ ሲያወጣ፣ የቡሽ መንቀያውን ያጠማዘዘው ለቀኝ እጅ አዙሪት እንዲስማማ አድርጎ ነው። የመካነ ሰላም ጠጅ ከጋን ወደ ብርሌ ሲወርድ ቡሽ የሚባል ነገር በመንገዱ ስለማይገጥመው፣ የአገራችን ግራኞች ከዚህ አንድ መከራ እንኳ ድነዋል።

ከማጭድ ግን አልዳኑም። በመኸር ጊዜ ደቦ ወጥቶ አጫጆች በመስመር ተሰልፈው ስንዴውን ሲያጋድሙ፣ የግራኙ ክንድ ከሌላው ሰው በተቃራኒ ስለሚወዛወዝ ማጭዱ ከጎረቤቱ ማጭድ ጋር ሊገናኝ ይደርሳል፤ ጥርሱ በአንድ ገጹ ብቻ የተሞረደ ማጭድ ይዞ እንደ ሆነም አገዳውን በመቁረጥ ፈንታ ይጎትተዋል። የደቦው አባት የሰልፉን ዳር ይሰጠዋል፤ ከዚያም ማታ በጠላው ዙሪያ የሱ መስመር ለምን ወደ ኋላ እንደ ቀረ ይተረካል። ያን ጥርስ ገልብጦ ለመሞረድ የሚያስፈልገው አንድ ቀጥቃጭ፣ አንድ ሞረድና ግማሽ ቀን ነው። ሆኖም ቀጥቃጩን «ዐይኑ ይበላል» ብለን ስለምንሸሸው፣ ግራኙንም ስለምንስቅበት፣ ሁለቱ የተናቁ ሰዎች ተገናኝተው እንዳይመካከሩ በመካከላቸው የቆምን እኛው ነን፤ ለዚህም ትጋታችን ምስጋና ይገባናል።

በትምህርት ቤት ያለው ጥበብ ደግሞ ከዚህ ይረቅቃል። የግዕዝ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ የሚጓዝ ስለ ሆነ፣ በግራው የሚጽፍ ደቀ መዝሙር መቃውን በሰንጢ ቀርጾ፣ በቀለም አጥቅሶ ብራናው ላይ ሲያሳርፍ፣ አሁን የጻፈውን እርጥብ ቃል በገዛ መዳፉ ይጠርገዋል፤ ስለዚህ በቀኝህ ጻፍ ቢባል ምክንያት አለው እንበል። ጥቂት እልፍ ብሎ ባለው የቁርኣን ቤት ግን ጽሕፈቱ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ፣ ሎህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ቀለሙን የሚያበላሸው የቀኙ እጅ ነበር እንጂ የግራው አልነበረም፤ እዚያም በቀኝህ ጻፍ ይባላል። ሁለቱ ሃይማኖቶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት በዚያ አገር፣ ሸኹና የኔታ ያለ አስታራቂ የተስማሙበት ነገር ይህ ነው፤ የተስማሙትም በምክንያቱ ሳይሆን በፍርዱ ነው።

መጽሐፍስ ምን ይላል የሚል ጠያቂ ቢነሣ፣ ፍየሎቹ በግራ መቆማቸውንና ፈያታዊ ዘየማን ከጌታ ጋር ገነት መግባቱን ጠቅሶ አፉን ማስያዝ ይቻላል፤ ብቻ መጽሐፈ መሳፍንትን ገልጦ ምዕራፍ 3 እንዳይደርስ መጠንቀቅ ያሻል። እዚያ ብንያማዊው ናዖድ ግራኝ መሆኑ በግልጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ርዝመቱ አንድ ክንድ የሆነ ባለ ሁለት አፍ ሰይፍ አበጅቶ ከልብሱ በታች በቀኝ ወገኑ ታጥቆ ወደ ሞዓብ ንጉሥ ወደ ዔግሎም ገባ፤ ሥራውንም በግራ እጁ ፈጽሞ ወጣ፤ ምድሪቱም 80 ዓመት ዐረፈች። በምዕራፍ 20 ደግሞ ወንጭፋቸው ጠጕር የማይስት 700 የተመረጡ ግራኞች አሉ። በብንያም ነገድ የሕፃናትን እጅ የሚያስር መምህር ጠፍቶ ኖሮ ይሆናል። የኛ አገር አርበኛም ጐራዴውን በቀኝ ወገቡ ይታጠቅ ስለ ነበር፣ ናዖድ በቤተ ዐምሐራ በኩል ቢያልፍ ኖሮ በትጥቁ የሚጠረጥረው ዘበኛ አይገኝም ነበር።

በዚህ ግራኝ ስም የተጠራው ዐፄ ናዖድ፣ በዚያው በቤተ ዐምሐራ መካነ ሥላሴ የተባለችውን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ጀመረ፤ ልጁ ዐፄ ልብነ ድንግል ፈጸማት፤ በ1524 ዓ.ም. ደግሞ ግራኝ ተብሎ የተጠራው ኢማም አሕመድ ኢብራሂም አቃጠላት። ሊቃውንቶቻችን ከዚህ ታሪክ የያዙት የኋለኛውን ብቻ ነው። ኢማሙ በሕፃንነቱ እጁ ታስሮ በቀኙ እንዲበላ ቢደረግ ኖሮ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት በቀረ ነበር የሚሉ ይመስላሉ፤ ያ ሁሉ ፈረሰኛ፣ ያ ሁሉ ነፍጥ፣ ያም የ15 ዓመት ዘመቻ ከአንድ ሰው አውራ ጣት የመነጨ ነው ማለት ነው።

ቀደምቶቻችን በዚህ ረገድ ድካም እንደ ነበረባቸው መሸሸግ አይገባም። ቤተ መንግሥቱ ቀኛዝማች ሲሾም ግራዝማችም ይሾም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቀኝ ጌታ ባለበት ማሕሌት ግራ ጌታን አቁሞ ያዘምራል፤ ግራዝማች በማዕርግ አንድ ደረጃ ዝቅ ቢልም ወደ ቀኝ ካልዞርህ ጦር አትመራም ያለው አልነበረም። ሠራዊት ያለ ግራ ክንፍ እንደማይሰለፍ ያወቁ ሰዎች፣ ማዕድ ላይ ሲቀርቡ በግራ እጅ የመጣ ጉርሻ ያስደነግጣቸው ነበር። እኛ ከእነርሱ የወረስነው ድንጋጤውን ነው።

ባዕዳን እንደ እነርሱ አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ ኦገስት 13 ቀንን የግራኞች ቀን ብለው ያከብራሉ፤ ቀኑ በኛ ነሐሴ 7፣ ጽንሰታ ለማርያም ነው። በፍልሰታ ጾም መካከል ስለሚውል ሥጋ የሚቈረጥበት አይደለም፣ ስለዚህ በዓሉ ሰንጢ በማጣት ከቶ አይታወክም።

ይህ ሁሉ ተነግሮትም በእልኸኝነቱ ጸንቶ መካነ ሰላም ገበያ ወርዶ ለግራ እጁ የሚሆን ሰንጢ የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ ነጋዴው «በቀኝህ ያዘው እንጂ ልጄ!» እያለ ሲቈጣው ይታገሥና፣ መቆለፊያው በጎን ሳይሆን በእጀታው ጀርባ ላይ ያለውን ዓይነት ይጠይቅ፤ ጀርባው ላይ የሚጫን መቆለፊያ ቀኝና ግራ አይለይም። በገበያው ላይ እንዲህ ያለ ሰንጢ ከሌለ፣ ዮሴፍ ኦፒኔል የተባለው ፈረንሳዊ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1890 የጀመረውን የእንጨት እጀታ ሰንጢ ያስታውስ፤ ከ1955 ጀምሮ በአንገቱ ዙሪያ የሚሽከረከር የብረት ቀለበት ስለ ተደረገለት በየትኛውም እጅ ይቆለፋል። ፈረንሳውያኑ ለዚህ መላ የማንንም ልጅ እጅ ማሰር አላስፈለጋቸውም። ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊትም እዚያው ቆሞ ሰንጢውን በግራው ይክፈት፣ በግራው ይጠፍ፤ ሌባ ጣቱ ከስለቱ መንገድ ላይ ካልወጣች መልሶ ያስቀምጠው።

ነጋዴዎች ሆይ፣ ለሚቀጥለው ጭነት ስትወርዱ ከዐሥሩ ሰንጢ አንዱን በጀርባው የሚቆለፍ አድርጋችሁ አምጡ። ወላጆችም የልጁን እጅ ፍቱለትና ወደ ገበያ ላኩት፤ ሰንጢውን ራሱ ይምረጥ።