ከእንጅባራ እስከ ዘጌ፦ የመስኮተኛው ጥናት

ባሕር ማዶ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ የተገጠመለት መኪና እየነዱ ወደብ ካለበት ከተማ የሚወርዱ፣ የሥዕል ቤተ መዘክሩን ጎብኝተው ሲመለሱ እዚያው መኪናቸው ውስጥ ሾርባ አሙቀው የሚተኙ ሰዎች አሉ። የአዊ ሰው ይህን ሁሉ የሚፈጽመው ገንዘብ አዋጥቶ በኮንትራት በያዘው ቅጥቅጥ ነው። ቅጥቅጡ አልጋ የለውም፤ ይተኛበታል። ምድጃ የለውም፤ ይበላበታል። መጸዳጃን በተመለከተ፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ያለው የዲከረንስ ደን ተቆርጦ ከሰል እስኪሆን ድረስ የመኪናው አካል ነው ተብሎ ይወሰዳል።

ወደቡ ባሕር ዳር ነው። «የባሕር በር በሌለው አገር ምን ወደብ አለ?» ለሚል ተቺ፣ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በተሳቢ ተጭና አስፋልት ለአስፋልት ወደ ጣና የተጓዘችውን «ጣና ነሽ 2»ን መጥቀስ ይበቃል። መርከብ በመኪና በሚሄድበት አገር ሰው መኪና ውስጥ ቢኖር አያስገርምም። ቤተ መዘክሩ ደግሞ ዘጌ ላይ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነው። ክብራን ገብርኤል ይቀርብ ነበር፤ ሴት ስለማይገባበት ግን የጉዞ ኮሚቴው አጀንዳውን ሳይከፍት ዘጋው።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ተሳፍሮ የሚወጣው ተጓዥ በሦስት ይከፈላል፦ ስንቀኛ፣ ፎቶኛና መስኮተኛ። ስንቀኛው ዳቦ ቆሎና የእንጅባራ ቅቅል ድንች ይዟል፤ ሌላ የሚመረመር ነገር የለበትም። ፎቶኛው የስልኩን ቦታ በጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ቪዲዮ ጨርሶ ስለመጣ፣ ጉዞውን የሚያሳልፈው የትኛውን ፈረስ እንደሚያጠፋ በመምረጥ ነው። የጥናቱ ክብደት ያረፈው በመስኮተኛው ላይ ነው።

መስኮተኛ ማለት መስኮት አጠገብ የተቀመጠና መስኮቱን የዘጋ ሰው ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። ለራሱ የሚዘጋው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ጠቅልሎ፣ ነፋስ በጆሮ ገብቶ በወገብ እንደሚወጣ ያምናል። ለሰው የሚዘጋው «ሕፃኑን ብርድ እንዳይመታው» ይላል፤ ሕፃኑ የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ የለም። ምች ፈሪው ዳንግላ ላይ ቁርሱን እንደበላ መስተዋቱን ጥርቅም አድርጎ ዳማ ከሴውን ከቦርሳው ያወጣና አሽቶ ያሸታል፤ በዚህም መኪናው ውስጥ የቀረው አየር መድኃኒት መድኃኒት ይላል። አራተኛው ዝም ብሎ የሚዘጋው ነው። እሱም በሁለት ይከፈላል፦ ጨርሶ የሚዘጋና ጣት የምታክል ክፍተት የሚተው። ሁለተኛው በዘመዶቹ ዘንድ እንደ ከሃዲ ይታያል።

ነገሩን የሚያወሳስበው የመስተዋቱ አሠራር ነው። የቅጥቅጥ መስኮት ተንሸራታች ስለሆነ አንዱ መስተዋት ለሁለት ወንበር ያገለግላል። የፊተኛው ወደ ኋላ ቢገፋው ለራሱ ይከፍትና የኋለኛውን ያፍናል፤ የኋለኛው መልሶ ቢገፋው የፊተኛው ይታፈናል። ሁለት መስኮተኛ ጎረቤቶች ከእንጅባራ እስከ መርዓዊ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ፣ ዞረውም ሳይተያዩ፣ በአንድ መስተዋት ሲገፋፉ ይታያሉ።

ትግሉ የሚከፋው በምድሩ አቀማመጥ ምክንያት ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ባሕር ዳር 1,800 ላይ ናት። ዳንግላ ላይ ጋቢ መክበድ ይጀምራል። ዱርቤቴ ላይ ግንባር ይወዛል። መርዓዊ ሲደረስ መስተዋቱ በትንፋሽ ተሸፍኖ ውጭው አይታይም፤ የዚህን ጊዜ ከኋላ ያለ ተማሪ ይደፍራል።

«እናቴ፣ ትንሽ ቢከፍቱልን?»

«ምነው ልጄ? ነፋስ ነው እኮ!»

«ሞቀን እናቴ።»

«ሙቀት ማንን ገደለ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ተማሪ እስካሁን አልተገኘም። ረዳቱ ገለልተኛ ነው፤ እሱ በሩ ላይ ስለተንጠለጠለ አየር አያጥረውም።

ባሕር ዳር ሲገባ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓባይ ድልድይ ለማየት ሁሉም ይነሣል። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት ያለው ሥራ በተዘጋ መስተዋት፣ በእጅጌ ጥራጊ ይጎበኛል። ከዚያ ወደ ጀልባው ነው።

ጀልባው መስኮት የለውም።

ለአንድ ሰዓት ያህል ጣና ላይ መስኮተኛው ሥራ ፈት ይሆናል። የሚዘጋ ነገር በዓይኑ ይፈልጋል፤ ሸራውን ይነካካል፤ በመጨረሻም ጋቢውን ራሱ ላይ ጥሎ ቆፍጠን ብሎ ይቀመጣል። ነፋሱ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ይመታዋል። እስከ ዘጌ ድረስ የሞተ የለም፤ ይህ ግኝት ግን በአቋሙ ላይ ለውጥ አላመጣም።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሥዕሎቹ የመቅደሱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ይዘውታል። ጻድቁ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን ይቀራል። አስጎብኚው ይህንን ሊያስረዳ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ መርዓዊ ላይ መስተዋቱን ይዘው የነበሩት እናት ቀደሙት። ይኸ በላዔ ሰብእ ነው፤ 78 ነፍስ በልቷል፤ ለአንድ የተጠማ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ ማረችው እያሉ፣ ማን የቱ ጋ እንዳለ ሁሉን አንድ በአንድ ነገሩን። ተአምረ ማርያምን በየሰንበቱ ሲሰሙ ኖረዋልና የተጻፈ መግለጫ አላስፈለጋቸውም። ተማሪው ስልኩን አስቀመጠ። ሥዕሉ ጨልሞባቸው ጠጋ ሲሉ ቄሱ የውጭውን በር ወለል አድርገው ከፈቱት፤ የጣና ነፋስ ከብርሃኑ ጋር ገባ። ከመስኮተኞቹ አንድም «ይዘጋ!» ያለ አልነበረም። እናቲቱ እንዲያውም «እሰይ፣ አሁን ታየን» አሉ።

ምደባዬ እዚህ ላይ ፈረሰ፤ አምስተኛ ዓይነት ልፈጥርለት አልሞክርም። አሳችንን በልተን ስንመለስ መስተዋቱ እንደገና ተዘግቷል። ስለዚህ መስኮት አጠገብ ለምትቀመጡ የአዊ ወንድሞችና እናቶች አንድ አቤቱታ አለኝ፦ ከዱርቤቴ ወደ ላይ እንደ ፈቃዳችሁ ዝጉ፤ ከባሕር ዳር እስከ ዱርቤቴ ባለው ግን እባካችሁ ሁለት ጣት ያህል ክፈቱልን።