ያልተበላሸ ማሽን ጭነን

ታሪኩ ከሰሜኑ ጦርነት በፊት በነበረ ክረምት የሆነ ነው። በዋግ ኽምራ ዞን፣ በአበርገሌ ቆላ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ያለ የእንፋሎት ማምከኛ፣ እኛ አውቶክሌቭ የምንለው፣ «ተበላሽቷልና ወደ ሰቆጣ ይምጣ፤ ካልተጠገነ ይወገድ» ተብሎ ተጻፈበት። እንዳመጣው የታዘዝሁት እኔ ነኝ። ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ብዙም አልቆየሁም ነበር።

ደብዳቤው የተነሣው ከአንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው። ከመቀሱና ከጉጠቱ ጋር አብራ የምትገባው የሙከራ ወረቀት ሙቀቱ ሲበቃ መጥቆር አለባት፤ የእነሱ ግን ግራጫ ሆና ትወጣለች። ምድጃው ይነድዳል፣ እንፋሎቱም ያፏጫል፣ የግፊት መለኪያውም ልክ መመሪያው የሚለው 15 ፒኤስአይ ላይ ይቆማል። አዋላጇ ሲስተር ዕቃው ሲጫን አይታ፣ «ወንድሜ፣ ይችን ከወሰድህብኝ በምን ላዋልድ ነው?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። ድስት ላይ መቀቀል እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ስፖር ግን በተራ የፈላ ውሃ እንደማይሞትም እናውቃለን። እትብት የሚቆረጠው በዚያ መቀስ ነው።

ዕቃውን የጫንበት አይሱዙ ጥራሪ ወንዝ ዳር ሲደርስ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ቀድሞን ወርዶ ኖሮ ውሃው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሾፌሩ አሻፈረኝ አለ፤ ደግም አደረገ። ያደርነው አቅራቢያ ካለ ገበሬ ቤት ነው። የማሽላ እንጀራና የፍየል ወተት ቀረበልን፤ ባለቤቱ ዕቃው ለምን እንደሚያገለግል ሲሰሙ ከዝናብ አስገብተው በቁርበት ሸፈኑት። ሲነጋ ውሃው ጎደለ፤ መኪና ለማሳለፍ ግን አልበቃም። ስለዚህ የሰፈሩ ጎረምሶች ቃሬዛ አበጅተው ማሽኑን አሰሩበትና በትከሻ ተሻገርን። ከማዶ የሚያገኘን መንገደኛ ሁሉ በነጠላ የተሸፈነውን ሲያይ ወላድ መስሎት «ማርያም ትማርሽ» እያለ ትከሻውን ይሰጠናል። ብረት መሆኑን ሲያውቅም አልተወንም። ዋግ ውስጥ ቃሬዛ ዝም ብሎ አይታለፍም።

ሰቆጣ ገብቼ ፈታሁት። ጎሚኒው ደኅና፣ ቫልቩ ደኅና፣ መለኪያውም ከሌላ ጋር ሲመሳከር እኩል። በመጨረሻ ከፍተኛውን ሙቀት ይዞ የሚቀር ቴርሞሜትር ከውስጥ አስቀምጬ አፈላሁት። 121 ዲግሪ መድረስ የነበረበት 117 ገደማ ላይ ቆሟል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ አገሩ ከፍ ብሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግፊት መለኪያ የሚያሳየው የውስጡ እንፋሎት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው። በባሕር ወለል ላይ 15 ፒኤስአይ ሲል የውጭው አየር ክብደት ታክሎበት እንፋሎቱ 121 ዲግሪ ይሆናል። ሰቆጣ ግን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው፤ ክፍት ድስት ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። መለኪያው ያው 15 ቢልም የሚታከልበት ስላነሰ ሙቀቱ ያንሳል። አበርገሌ ዝቅ ብትልም እሷም ቢሆን ከባሕር ወለል ሩቅ ናት። መፍትሔው በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ ያህል መጨመር ነው፤ ቫልቩ ከፈቀደ። ካልፈቀደ ደግሞ ሰዓቱን ማርዘም፣ እስከ መቼ እንደሆነም በሙከራ ወረቀት ማረጋገጥ። የመመሪያው ጸሐፊ ዋግን አላሰባትም።

ይህን ለመረዳት የሚያስፈልገው ትምህርት ተራ ቴርሞዳይናሚክስ ነው፤ አምስት ዓመት በሚፈጀው የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ትምህርት ከሚሰጡት ኮርሶች አንዱ። ጅማ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማር ልጅ ከሰርኪዩት ጋር አናቶሚ፣ ከምስል መሣሪያ ጋር የሰውነት አሠራር ይማራል። ሲመረቅ በሩ ብዙ ነው፦ የሪፈራል ሆስፒታል ጥገና ክፍል፣ ሲቲ ስካን አስመጥቶ የሚተክል ድርጅት፣ መሣሪያ የሚመዘግበው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ግዥና ሥርጭት፣ ማስተማር፣ ምርምር፣ ውጭ አገር ማስተርስ። የክፍል ጓደኞቼ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ አልወቅሳቸውም፤ ደመወዙም መለዋወጫውም ያለው እዚያ ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንዳንድ አገሮች በእርዳታ ከሚሰጥ የሕክምና መሣሪያ ሥራ ላይ የሚውለው ከ10 እስከ 30 በመቶው ብቻ እንደሆነ ጽፏል። መሣሪያ ለመግዛት በጀት ይገኛል፤ ቴርሞሜትር ይዞ ቆላ የሚወርድ ሰው ለመቅጠር ግን መደብ የለም ይባላል።

ማሽኑን መልሰን ስናወርድ ወንዙ ጎድሎ ነበር። ከሲስተር ጋር እዚያው አፈላነው፤ ሰዓቱን እያስረዘምን ወረቀቷ ድፍን እስክትጠቁር ሞከርን። ደቂቃውን በትልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ ለተረኞቹም ራሷ አስረዳች።

ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣ፤ የዋግ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። አሁን ምትክ ዕቃ በየካርቶኑ ይገባል፤ ኦክስጅን ማምረቻው፣ የክትባት ፍሪጁ፣ አዲሱ አውቶክሌቭም። በቅርቡ የአበርገሌ ተወላጅ የሆነ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ቢመርጥ ሥራ ያገኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሥራው ሞልቷል፣ መደቡ ነው የጎደለው አልሁት። መደቡን እንዴት እንደምንጠይቅ አብረን ማመልከቻ ጀምረናል፤ ለዞኑ አንድ መሐንዲስ፣ አንድ ሞተር ሳይክል፣ አንድ የመፈተሻ ዕቃ ሳጥን። ልጁ ሌላ መስፈርት ጨመረበት፦ የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣኛን የሚችል ይሁን፤ ምድጃውን የሚያነዱት ጽዳት ሠራተኞች የሚናገሩት እሱን ነውና።