ያልተጠራው እንግዳ

(ናይሮቢ፣ ኢስሊ። ሚኪ ኮምፒውተር የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ። ጋሽ በቀለ ዲቪዲያቸውን ሊወስዱ መጥተዋል።)

ጋሽ በቀለ፦ ሚኪዬ፣ አለቀልኝ? ልጆቹ ፎር ኬ ቲቪ ገዝተውልኝ የሰርጌን ቪዲዮ ብከፍት ሙሽራዋ ጉም ውስጥ ናት። ባለቤቴ «ድሮስ መቼ አይተኸኝ ታውቃለህ» አለችኝ።

ሚኪ፦ ከ1988ቱ ካሴት የተገለበጠ ነዋ! ምስሉን የሚያጠራውን ሶፍትዌር ግን ይምረጡ። ቶፓዝ የሚባለው ይከፈልበታል።

ጋሽ በቀለ፦ ክራኩን ጫንልኛ!

ሚኪ፦ ክራኩ ቫይረሱን ነው በፎር ኬ የሚያሳይዎት። ቪዲዮ ቱ ኤክስ የሚባለው ነጻ ነው፤ ውስጡ ካሉት ሞዴሎች አንዳንዶቹ ግን የተማሩት በጃፓን ካርቱን ነው።

ጋሽ በቀለ፦ ሰርጌስ ከካርቱን በምን ያንሳል? ነጻው ይሁን!

ሚኪ፦ ነጻ ሲባል የመብራት ቶከኑን አይጨምርም፤ ግራፊክስ ካርዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላ ነው የሚያድረው። ለናሙና ትንሽ ሠርቻለሁ፣ ይዩት።

ጋሽ በቀለ፦ እሰይ፣ ጠራ! ቆይ... አማቴ አንገት ላይ የነበረው ንቅሳት የት ሄደ?

ሚኪ፦ እድፍ መስሎት ጠርጎታል።

ጋሽ በቀለ፦ ድንኳኑ ጥግ የቆመው ባለ ሱፍስ ማነው?

ሚኪ፦ ዘመድዎ መስሎኝ!

ጋሽ በቀለ፦ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም!

ሚኪ፦ እንግዲያው ማሽኑ የፈጠረው ፊት ነው። ዲቪዲው 720 በ576 ነጥብ ነው፤ የቲቪው ስክሪን 3840 በ2160። ቢያካፍሉት 20 እጥፍ። ከ20 ነጥብ አንዱን ካሜራው አየ፣ 19ኙን ማሽኑ ይገምታል።

ጋሽ በቀለ፦ ሰው ሰርጌ ላይ የሚጠራው ማሽን ነው በለኛ! መገመቱ ካልቀረ እኔንም ጸጉራም ያድርገኝ።

ሚኪ፦ እሱን ሳይጠይቁትም ሊያደርገው ይችላል። ይልቅ እስክስታው ላይ ትከሻው እንደ ሚዶ ጥርስ ሲሰነጣጠቅ አዩ? የዚያን ጊዜ ካሜራ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ነው የሚቀዳው፤ አንዴ ጎዶሎ መስመሮቹን፣ አንዴ ሙሉዎቹን። ያ ሳይስተካከል ከተጎላ ስንጥቁም አብሮ ይጎላል። እሱን ሃንድብሬክ በሚባል ሶፍትዌር አስተካክዬ፣ ከዚያ ወርዱንም ቁመቱንም እጥፍ ብቻ አደርግልዎታለሁ።

ጋሽ በቀለ፦ ፎር ኬ ሳይሆን?

ሚኪ፦ ፎር ኬ ሳይሆን። ንቅሳቱም ላይጠፋ ይችላል። ካሴቱ ካለ ግን እሱን ያምጡልኝ፤ ዲቪዲው ሲገለበጥ ተጨምቆ ነው የገባው።