የአገዳ አቪዬሽን በወግዲ፦ ቅድመ ጥናት

የአገራችንን አቪዬሽን የሚጽፉ ሰዎች ነገሩን የሚጀምሩት በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ የተባለው የፈረንሳይ አውሮፕላን አዲስ አበባ ካረፈበት ቀን ነው። አገዳውን ዘለውታል። ይህ ጥናት ጉድለቱን ለመሙላት ይሞክራል።

የወግዲ ወረዳ አውሮፕላን የሚሠራው ከመኸር በኋላ ነው። ሰማዩ ስለሚጠራ አይደለም፤ አገዳ የሚገኘው ያኔ ስለሆነ ነው። ምንጩ የጓሮ በቆሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ የሚበቅለው ማሽላ ነው። ከማሽላው ሁሉ ባለሙያዎቹ ጥንቅሽን ያስቀድማሉ። ጥራቱ የሚመረመረው በማኘክ ሲሆን በምርመራ ወቅት ክንፉን ያጣ አውሮፕላን ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

አገዳው ይላጥና ነጩ ውስጡ አካል ይሆናል፤ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ክንፉን ከአካሉ ጋር ይሰካል። አፍንጫው ላይ የበቆሎ ቅጠል በግራር እሾህ ይቸነከራል። ፕሮፔለር ይኸው ነው።

ፈረንጆች ዘንድ ይህ ሥራ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። የእንግሊዙ ኤርፊክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953 ስፒትፋየር የተባለውን አውሮፕላን በሞዴል መልክ ለገበያ አቅርቧል፤ ገዢው ክፍሎቹን በሙጫ ያጣብቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። መጠኑ የእውነተኛው 1/72ኛ ነው። የወግዲው አውሮፕላን መጠን ግን እስካሁን አልተወሰነም። አብራሪው «እውነተኛው ይሄ ነው» ስለሚል ማነጻጸሪያ ጠፍቷል።

ሞተሩ የሚገኘው አብራሪው አፍ ውስጥ ነው። በከንፈር ንዝረት ይነሣል፤ ነዳጁ ቆሎ ነው። ነዳጅ እየተሞላ ሞተሩ ሊሠራ አይችልም፤ በዚህ ረገድ የደኅንነት ጥንቃቄው የሚያስመሰግን ነው።

ከፍታውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በደጋው ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ክንፍ የማንሣት ጉልበቱ ያንሳል። ቦሌ ረጅም ማኮብኮቢያ የሚያስፈልገው አንድም ለዚህ ነው። የወግዲ መሐንዲሶች ችግሩን ያለ ኮንክሪት ፈትተውታል፤ እጃቸውን ከፍ፣ እግራቸውን ፈጠን ያደርጋሉ። ጎረቤት መካነ ሰላም በዓለም የአውሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ «ኤም ኬ ኤስ» የሚል ምሕጻር አላት። ወግዲ ደግሞ በእበት የተለቀለቀ አውድማ አላት፤ የትኛው ብዙ በረራ እንደሚያስተናግድ ለአንባቢ እንተወዋለን።

የዘርፉ ትልቁ ሥጋት ጥጃ ነው። መሸት ሲል አውሮፕላኑ በረት አጠገብ ይቆማል፤ ሲነጋ ከእሾሁ በቀር የሚገኝ የለም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን በጣሊያኖች ተወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ በቅታለች። ጥጃ የወሰደው አውሮፕላን ግን አንድም አልተመለሰም። ተመልሷል የሚሉ ወገኖች የአውድማውን ልቅላቂ በማስረጃነት ያቀርባሉ፤ እኔ በበኩሌ ማስረጃውን ቀርቤ ለመመርመር አልደፈርኩም።

ካሳ የጠየቀ አልተገኘም። ጥጃውን እንዲጠብቅ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው በጉዳዩ ላይ ቃሉን ሲጠየቅ በረራ ላይ እንደነበረ አስረድቷል።