በርኩማው ሥራ አለበት

ጋምቤላ ውስጥ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ስለ ሥነ ጥበብ ማውራት ድፍረት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ነው፤ መጋቢት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ባሮ ዳር ያለ ሰው ሁሉ የሚያስበው ጥላ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ኤግዚቢሽን ላዘጋጅ የተነሣሁት በዚሁ ወር ነው።

በሙያዬ የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር ነኝ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ «ክወናና ዕይታዊ ጥበባት» የሚባል ትምህርት ይዞ መጣ፤ የሚያስተምረውን ሰው ግን ይዞ አልመጣም። ስብሰባ ላይ «ማን ነው እጁ ጥሩ?» ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የአፍሪካን ካርታ ሳላይ እሥላለሁና። ማዳጋስካርን እንኳ አልረሳም። በዚህ ማስረጃ የጥበብ መምህር ሆኜ ተመደብኩ።

ልጆቹን ማስደነቅ አማረኝና ስለ ኤልያስ ስሜ ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ከሚገኘው፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1957 እ.ኤ.አ. ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ነው፤ ከመርካቶ የወዳደቀ የኮምፒዩተር ሰሌዳና ሽቦ እየገዛ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል። በ2022 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ድረስ ሄዶ ታይቶለታል። ሥዕሉን ከስልኬ ላይ እያዞርኩ አሳየኋቸው።

«ቲቸር፣ ሰውዬው ቆራሌው ነው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«እንደሱ በለው። ልዩነቱ ከሰበሰበ በኋላ በዶላር መሸጡ ነው።»

ክፍሉ በሙሉ ደብተር አውጥቶ መጻፍ የጀመረው ያኔ ነው።

የቤት ሥራው ቀላል ነበር፦ ከቤታችሁ የታሰበበት ዕቃ አምጡ፤ ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደተሠራ አስረዱ። እኔ የጠበቅሁት ሁለት ሦስት ቅልና አንድ መሶብ ነው። ዓርብ ጠዋት የመጣው ግን ሌላ ነው። ከሳልሳ ጣሳ የተሠራ ኩራዝ፣ እንስራ፣ በረባሶ ጫማ፣ የጭቃ በሬዎች፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ አንድ በርኩማ፤ በመጨረሻም አንዱ ተማሪ የአጎቱን ባጃጅ ከነአጎቱ።

ጀሪካኗን ሳይ ያመጣቻት ልጅ የቤት ሥራውን ረስታ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ያገኘችውን ይዛ የመጣች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ተዘጋጅታለች። እጀታው እጅ እንዳይቆርጥ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ የተሰነጠቀው ጎኑ በጋለ ቢላ ላስቲክ እየቀለጠ ተደፍኗል፤ ክዳኑ እንዳይጠፋ በገመድ ታስሯል። «ፋብሪካው ለዘይት ነው የሠራው፤ ለውኃ የሠራነው እኛ ነን» አለች። እኔም የማውቀውን ጨመርኩላት፦ የመጀመሪያውን የብረት ጀሪካን በ1930ዎቹ ጀርመኖች ለጦር ነዳጅ ሲሠሩት ሦስት እጀታ ሰጥተውታል፤ ባዶ ከሆነ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት እንዲይዝ፣ ሙሉ ከሆነ ሁለት ሰው እንዲጋራው። ልጅቷ ሰምታ ስታበቃ «እኛ ጋ ሙሉውንም አንድ ሰው ነው የሚሸከመው» አለችኝ። ማን እንደሚሸከመው ክፍሉ ውስጥ ያሉ ሴት ልጆች ሁሉ ያውቃሉ።

የጭቃ በሬዎቹ የኑዌር ልጆች ሥራ ናቸው። ሻኛቸው ከራሳቸው ይበልጣል፤ የአንዱ በሬ አንዱ ቀንድ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ነው። ተሳስቶ አይደለም። ኑዌሮች የሚወዱትን በሬ ቀንድ ገና በወይፈንነቱ ቆርጠው በፈለጉት አቅጣጫ እንዲያድግ ያደርጉታል፤ ልጁ የሠራው ያንኑ ነው። ዲዛይን በሕይወት ባለ በሬ ላይ! መጽሐፉ ውስጥ የለም።

በርኩማውን ያመጣው ልጅ ደግሞ እንዲህ አለ፦ «አያቴ መጀመሪያ አይጠርብም። ጫካ ገብቶ እግር ያለው ቅርንጫፍ ይፈልጋል። ዲዛይኑ ዛፉ ላይ ነው ያለው።» ለዚህ ንግግር ብቻ ሃያ ከሃያ ልሰጠው ወስኜ ነበር።

አንዲት የአኙዋክ ልጅ ዕቃ አላመጣችም። ድሙይ ልታመጣ ነበር፤ በአኙዋክ ባህል ለጥሎሽ ሲሰጥ የኖረውን ሰማያዊውን የብርጭቆ ዶቃ። አያቷ ግን «ለትምህርት ቤት?» ብለው ስቀው ደብቀውታል። በትዝታዋ ሥላው መጣች። ዶቃ በዶቃ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

ዕቃው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ፤ ከሥሩ በወረቀት ስሙና የተሠራበት ነገር ተጻፈ። እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ያማረ ኤግዚቢሽን ነበር። ከዚያ አንድ አዛውንት በሩ ላይ ቆሙ።

«አስተማሪ፣ በርኩማዬ እዚህ ነው አሉኝ።»

«አዎ አባባ፣ ለዕይታ ቀርቧል።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ አሥር ሰዓት።»

«እኔስ እስከ አሥር ሰዓት ምን ተንተርሼ ልተኛ?»

ይህን ጥያቄ የትኛውም የሙዚየም ኃላፊ የሚመልሰው አይመስለኝም። በርኩማቸውን አንስተው ወጡና ቤታቸው እንኳ ሳይደርሱ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተጋደሙበት። ተማሪው ሁሉ ወጥቶ ከበባቸው። በዚያን ቀን በደንብ የታየ ዕቃ ቢኖር እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። ጀሪካኗን እናት ወሰደቻት፤ ቤት ውስጥ የሚጠጣ አልቋል። እንስራውና ኩራዙም ተከተሉ። በረባሶው ባለቤቱ እግር ላይ ተመለሰ፤ መሬቱ ግሏል። ባጃጁ ተሳፋሪ አግኝቶ ጥሩምባውን እየነፋ ሄደ። በሬዎቹን ትንንሾቹ ልጆች ከአጥር ሥር ሊያግዱ ወሰዷቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለጉብኝት የተጋበዙ አንድ እንግዳ ሲመጡ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ብቻ ቀርቷል። «በርኩማ፤ እንጨት።» «ባጃጅ፤ ብረትና ላስቲክ።» እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንድ በአንድ አነበቡ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ጠጋ አሉና በዝግታ «ዘመናዊ የሚሉት ጥበብ ይሄ ነው?» አሉኝ።

ፈረንሳዊው ኢቭ ክላይን በ1958 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ባዶ ክፍል ነጭ ቀለም ቀብቶ ኤግዚቢሽን ነው ብሎ ከፍቶ ነበር፤ ሕዝቡም ተሰልፎ አየለት። ይህን አንብቤ ስለነበር «አዎ ጌታዬ፣ በውጭ ይሠራበታል» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የድሙዩ ሥዕል ጋ ደርሰው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ልጆቹ ካመጡት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ ለሥራ የሚፈልገው አልመጣምና።

ይህን ትምህርት በግድ ለተቀበላችሁ መምህራን ሁሉ፦ መጽሐፉ ላይ ያለውን የማሰሮ ሥዕል ከማስገልበጣችሁ በፊት ልጆቹን ከቤታቸው ዕቃ እንዲያመጡ ጠይቁ፤ ብዙ ትማራላችሁ። ነገር ግን ቆላ ከሆናችሁ ከአምስት ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ እንግዶቻችሁንም ጠዋት ጥሯቸው።